ለ22 ጠመንጃ መነጽር አመራረጥ፦ በትንሽ ገንዘብ የማያስቆጭ ግዢ

የመጀመሪያዋን 22 ካሊበር ጠመንጃዬን የገዛሁ ሰሞን መነጽር ልገዛ ገባሁና የተደረደረው ሁሉ ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ትልቁን አነሳሁ። የፊት ሌንሱ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያክላል። ማጉያው እስከ 16 ይደርሳል። ቅናሽም ነበረው። ደስታዬ የቆየው ግን እስከ መጀመሪያው ጣሳ ድረስ ብቻ ነው። 15 ሜትር ላይ ያቆምኩት ጣሳ ጉም የለበሰ ይመስላል። ጭንቅላቴን ትንሽ ካነቃነቅሁ የመስቀሉ መስመር ጣሳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይዋኛል። ጠመንጃዋ ደግሞ አናቷ ከብዶ እጄ ላይ ትገለባበጣለች።

መነጽሩ ብልሽት አልነበረበትም። ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ የተሠራ ነው እንጂ። ሻጩም አልዋሸኝም፤ እኔ ምንም አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ ርካሽ መነጽሮች መርጫለሁ። ከታች ያለው ያን ቀን ማወቅ የነበረብኝ ነገር ነው።

መጀመሪያ፦ ጥይታችሁ የት ድረስ እንደሚሄድ እወቁ

ሪምፋየር የሚባለው ተተኳሽ የሚለኮሰው ኬሚካል በቀለሁ ሥር፣ ዙሪያውን ባለው ከንፈር ውስጥ የተቀመጠበት ነው። የጠመንጃው መርፌ መሃሉን ሳይሆን ከንፈሩን ይመታል። ከንፈሩ ስስ መሆን ስላለበት ቀለሁ ብዙ ግፊት አይችልም። ስለዚህ ጥይቱ ትንሽ፣ ፍጥነቱ መካከለኛ፣ ርግጫው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ከሁሉም የታወቀው 22 ሎንግ ራይፍል በ1887 የወጣ ነው። ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት ከሚተኮሱት ጥይቶች አንዱ ነው። ርካሽ ነዋ።

አሁን ቁጥር እንይ። የተለመደው ባለ 40 ግሬን (2.6 ግራም ገደማ) ፈጣን ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይሄዳል። መነጽሩን በ50 ሜትር ካስተካከላችሁት፣ ከ20 እስከ 50 ሜትር ባለው ርቀት ጥይቱ ካነጣጠራችሁበት ነጥብ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይርቅም። 75 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 100 ሜትር ላይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እንደ ጥይቱ ዓይነት ትንሽ ይለያያል፤ መልኩ ግን ይኸው ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? ጥንቸል ለማደን ይሁን ጣሳ ለመጣል፣ የዚህ ጠመንጃ እውነተኛ ሥራ ያለው ከ10 እስከ 75 ሜትር ውስጥ ነው። መነጽሩን የምትመርጡት ለዚህ ርቀት ነው። 300 ሜትር ላይ ላለ ሕልም አይደለም። 17 ኤችኤምአር የሚባለውን፣ ከ22 የፈጠነ ሌላ የሪምፋየር ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ያላቸው ሰዎች እስከ 150 ሜትር መቁጠር ይችላሉ። ለእነሱ ከታች የምለው ማጉያ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ሌላው ያው ነው።

ርቀቱ አጭር ነው ስል ግን ለማነጣጠር ነው። የሳተ የ22 ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከዒላማው ጀርባ የአፈር ቁልል ከሌለ ቃታ አይሳብም።

ሁለተኛ፦ ፓራላክስ፣ ማንም የማይጠይቀው ቁጥር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣችሁ የፍጥነት መለኪያውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሹፌሩ 60 ሲያነብ እናንተ 55 ታያላችሁ። መርፌውና ከኋላው ያለው ቁጥር በተለያየ ጥልቀት ላይ ስላሉ ነው። መነጽር ውስጥም እንደዚሁ ነው። የመስቀሉ መስመርና የዒላማው ምስል አንድ ጥልቀት ላይ የሚገናኙት በአንድ በተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ውጭ ዓይናችሁ ከመሃል ወጣ ካለ፣ መስመሩ ያለበት የመሰላችሁና ጥይቱ የሚሄድበት ይለያያሉ። ፓራላክስ የሚባለው ይህ ነው።

ለትልልቅ ጠመንጃዎች የሚሠሩ መነጽሮች ይህ ርቀት በፋብሪካ ብዙ ጊዜ በ100 ወይም በ150 ያርድ ይስተካከላል። ለሪምፋየር የሚሠሩት ደግሞ በ50 ወይም በ60 ያርድ። በሜትር ሲቆጠር 46 እና 55 መሆኑ ነው።

ልዩነቱን ማስላት ቀላል ነው። የፊት ሌንሱን ስፋት ግማሽ ውሰዱ። ዒላማው ከተስተካከለበት ርቀት ስንት እጅ እንደራቀ አስሉና አባዙት። የእኔ ጉደኛ መነጽር ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። በ100 ሜትር የተስተካከለ ነው እንበል። 40 ሜትር ላይ ላለ ዒላማ ልዩነቱ 60 ሜትር፣ ማለትም ከ100ው 0.6 እጅ ነው፤ 25 ሲባዛ በ0.6፣ ማለትም 15 ሚሊ ሜትር ስህተት ሊያመጣ ይችላል። ያውም ወደየትኛውም ጎን። ባለ 32 ሚሊ ሜትር ሌንስና በ50 ሜትር የተስተካከለ ቢሆንስ? 16 ሲባዛ በ0.2፤ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ። የጥንቸል ጭንቅላት ላይ በንጹህ የሚገድለው ቦታ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። 15 ሚሊ ሜትር መሳት እንስሳውን አቁስሎ መልቀቅ ነው። 3ቱ ግን ምንም አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ይህ ዓይን ከመሃል እጅግ ሲርቅ የሚመጣው ትልቁ ስህተት ነው። ጉንጫችሁን ሁሌም ሰደፉ ላይ በአንድ ቦታ የምታሳርፉ ከሆነ አብዛኛው ይጠፋል። ግን ጫካ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ ትንፋሽ ቆርጦ የሚተኩስ ሰው ጉንጩ ሁሌ አንድ ቦታ አያርፍም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ «ሪምፋየር» ተብሎ በ50 ወይም 60 ያርድ የተስተካከለ መግዛት ነው። ወይ ደግሞ ርቀቱን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት ቀለበት ፊት ሌንሱ ላይ ወይም በጎኑ ያለው መግዛት። ሁለተኛው ለዒላማ ተኩስ ደስ ይላል፤ በተለይ እስከ 10 ወይም 15 ሜትር የሚወርድ ከሆነ። ለአደን ግን ጥንቸሏ ቀለበት እስክታዞሩ አትጠብቅም። በዚያ ላይ ርካሽ መነጽር ላይ የሚንቀሳቀስ ክፍል በበዛ ቁጥር የሚበላሽ ነገር ይበዛል። ለጀማሪ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው።

ካርቶኑ ላይ ይህ ቁጥር ካልተጻፈ መመሪያ ወረቀቱን አስወጥታችሁ እዩ። እዚያም ከሌለ እኔ አልገዛም። የፊት ሌንሱን ፈትተው በእጃቸው አዙረው የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ፤ ይሠራልም። ግን ውስጡ እንዳያላብ የተሞላው ጋዝ ይወጣል፤ ዋስትናውም አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛ፦ ማጉያ፣ ሲያንስ የሚሻልበት ጊዜ

መነጽር ላይ 2-7×32 የሚል ካያችሁ፣ ከ2 እስከ 7 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 4×32 ከሆነ ማጉያው አይቀየርም፤ ሁሌም 4 ነው።

ለአደንና ለጣሳ የምመክረው 2-7×32 ነው። ከሌለ 3-9×32 ወይም 3-9×40። እጅ ካጠረ ደግሞ ደህና 4×32። ሰው ይህን ስለው ፊቱ ይጠቁራል፤ እንዳታለልኩት ነገር። ግን አስቡት፦ በ4 እጥፍ 50 ሜትር ላይ ያለ ጣሳ ያለ መነጽር 12 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። 12 ሜትር ላይ ጣሳ የማይታየው ማን ነው?

ማጉያ ሲጨምር የሚጎድሉ ነገሮች አሉ። የምታዩት ስፋት ይጠባል፤ ጥንቸሏ ዘልላ ከወጣች መልሳችሁ እስክታገኟት ይመሻል። የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ብርሃኑም ይቀንሳል። የመጨረሻውን እንዲህ አስሉት፦ የሌንሱን ስፋት ለማጉያው አካፍሉ። 32 ለ4 ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ወደ ዓይን የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የወጣት ሰው ብሌን በጨለማ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ 8 ከበቂ በላይ ነው። የእኔ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ16 ማጉያ 3 ብቻ ነበር የሚሰጠው። ትልቅ ሌንስ ይዤ፣ ሲመሽ የማየው ግን ከትንሹ ያነሰ።

ወረቀት ላይ ትንሽ ጥቅጥቅ ያለ ቀዳዳ መፍጠር ነው ደስታዬ የምትሉ ከሆነ 12 ወይም 16 ማጉያ ያስደስታችኋል። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ማጉያው ከ10 ካለፈ ግን የፓራላክስ ማስተካከያ ቀለበቱ ግዴታ ይሆናል።

አራተኛ፦ መስመሩና ማስተካከያው

ለዚህ ሥራ ተራው መስቀል በቂ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወፍሮ መሃሉ ላይ የሚቀጥነው። ወፍራሙ ክፍል ሲመሽ ዓይንን ወደ መሃል ይስባል። ከመሃል በታች ለተለያየ ርቀት የተሰመሩ ጭረቶች ያሉትም ጥሩ ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። በአብዛኞቹ ርካሽ መነጽሮች ጭረቶቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ማጉያ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በከፍተኛው። ማጉያውን ከቀነሳችሁ ርቀቱ ሁሉ ይፋለሳል። በመብራት የሚደምቅ መስመር ላይ ገንዘብ አታባክኑ። በዚህ የዋጋ ደረጃ የመብራቱ ገንዘብ የሚመጣው ከሌንሱ ተቀንሶ ነው።

መስመሩን ወደ ላይና ወደ ጎን የሚያንቀሳቅሱት የማስተካከያ ዊሎች ሲዞሩ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አንድ ቀጭታ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ኤምኦኤ ነው፤ ኤምኦኤ የማዕዘን መለኪያ ሲሆን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ነው። 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል። 25 ሜትር ላይ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች። ይህን የማያውቅ ሰው በ25 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታና ሦስት ቀጭታ አዙሮ «አይሠራም» ይላል። የሚያስፈልገው 11 ነበር።

አምስተኛ፦ ማሰሪያው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ስስት የሚያበዛው። መነጽሩን የገዛ ሰው፣ መነጽሩን ጠመንጃው ላይ የሚያስረውን ቀለበት ከካርቶን ውስጥ በነጻ የመጣውን ያደርጋል፤ ከዚያ ወር ሙሉ መነጽሩን ይረግማል።

መጀመሪያ ጠመንጃችሁ አናት ላይ ምን እንዳለ እዩ። ብዙ የ22 ጠመንጃዎች ከብረቱ ላይ የተቀረጸ ወደ 11 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጠባብ ሐዲድ አላቸው። ሌሎቹ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ያሉት ሰፊውን ፒካቲኒ ወይም ዊቨር ሐዲድ ይዘዋል፤ ወይም እሱ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ። የአንዱ ቀለበት ለሌላው አይሆንም። ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው ሩገር 10/22 የብሎን ቀዳዳ ካላቸው አንዱ ነው።

የመነጽሩን ቱቦም እወቁ፦ ወይ 1 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ወይ 30 ሚሊ ሜትር ነው። 30 የሚሻለው በብርሃን አይደለም። ዋና ጥቅሙ መስመሩን ከፍና ዝቅ የማድረጊያ ቦታው ሰፊ መሆኑ ነው። ለ50 ሜትር ሥራ 1 ኢንች ይበቃል፤ ይቀላልም። ከእነዚህ ቀጭን የሆነ፣ እርሳስ የመሰለ 4×15 መነጽር ከጠመንጃው ጋር «በነጻ» ከሰጧችሁ ተቀበሉ፤ ግን አትጠቀሙበት።

ቀለበቱ ሌንሱ አፈሙዙን ሳይነካና የጥይት ማጉረሻው እጀታ ሲሳብ ሳይጋጭ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ያለ ይሁን። ከፍ ካለ ጉንጭ ከሰደፉ ይለቅቃል፤ ያኔ ፓራላክስ መልሶ ይመጣል።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ ምን ትፈትሻላችሁ?

ገንዘቡን በተመለከተ የእኔ መለኪያ የዋህ ነው፦ መነጽሩና ቀለበቱ ተደምረው ከጠመንጃው ዋጋ ግማሽ ካለፉ ቆም ብዬ አስባለሁ። የተረፈው ለጥይት ይሁን። አምስት ዓይነት ጥይት ሞክሮ ጠመንጃዋ የምትወደውን ማግኘት፣ ውድ ሌንስ ከመግዛት በላይ ቀዳዳዎቹን ያቀራርባል።

መነጽሩን ከሱቅ ወደ ውጭ ይዛችሁ ውጡ። መብራት ሥር ሁሉም ያምራል። ጥላ ውስጥ ያለ ነገር እዩ፤ ጠርዙ ላይ ብዥታ ወይም የቀስተ ደመና ቀለም አለው? ትንሽ ይኖረዋል፤ መሃሉ ንጹህ ከሆነ እለፉት። ማጉያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፤ መስመሩ ከቦታው ከዘለለ መልሱት። ዊሎቹን አዙሩ፤ እያንዳንዱ ቀጭታ ለጣት ሊሰማ ይገባል። በቀስታ ነቅንቁት፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ መልሱት። አሮጌ ከሆነ ውስጡ ላቦትና የቀለበት ጥርስ ምልክት ፈልጉ። ፀሐይን ግን በፍጹም አትዩበት።

ስም ካስፈለገ፣ ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2 በ2-7×32 የሪምፋየር ሞዴል አለው፤ ፓራላክሱ በ50 ያርድ ነው። ከፍ ሲል የሊዮፖልድ ቪኤክስ ፍሪደም ሪምፋየር 3-9×40 በ60 ያርድ ይመጣል። ሌሎችም አሉ። ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተሉ፤ ያው ድርጅት ያንኑ መነጽር በ100 ያርድም ይሸጠዋልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን መነጽር አውጥታችሁ በስፕሪንግ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ላይ አታድርጉ። ስፕሪንጉ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚንጥ ለዚያ ያልተሠራ መነጽር ውስጡ ይፈታል።

ሰባተኛ፦ መግጠምና ማስተካከል

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ሐዲዱንና ቀለበቱን ከዘይት አጽዱ።

መነጽሩን ቀለበቱ ላይ አሳርፉና ብሎኖቹን ሳታጠብቁ ማጉያውን ከፍተኛው ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጠመንጃውን እንደምትተኩሱ አድርጋችሁ ትከሻ ላይ አንሱ። ዓይን ግለጡ። ዙሪያው ጥቁር ጥላ ካለ እስኪጠፋ መነጽሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፉት። ርግጫ ስለሌለ ቅንድብ ይመታኛል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ቀጥሎ ቱንቢ አንጠልጥሉ፤ ድንጋይ የታሰረበት ክርም ይሆናል። ጠመንጃውን በውሃ ልክ ቀጥ አድርጋችሁ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር አስተካክሉ። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ በሁለት ጣት የተያዘ አጭር ቁልፍ ማለት ነው። በጉልበት ያጠበቀ ቱቦውን ይጨፈልቃል።

የኋላውን የዓይን ማስተካከያ ነጭ ግድግዳ እያያችሁ መስመሩ ጥቁርና ስል እስኪሆን አዙሩ። ለአፍታ ብቻ ተመልከቱ፤ ዓይን ከቆየ ራሱ ያስተካክልና ያታልላችኋል።

ተኩሱን ከ25 ሜትር ጀምሩ። ድጋፍ ተጠቀሙ። አምስት ጥይት ተኩሱ፣ የቀዳዳዎቹን መሃል ለኩ፣ ከዚያ ብቻ ዊሉን አዙሩ። በአንድ ጥይት ተመርቶ ዊል የሚያዞር ሰው ሙሉ ቀን ሲያሳድደው ይውላል። መሃሉ ከገባ ወደ 50 ሜትር ውጡና እዚያ ጨርሱ።

ዕቃውን መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ ይህን አንድ ፈተና አድርጉ። ሦስት ጥይት ተኩሱ። 20 ቀጭታ ወደ ላይ አዙራችሁ ሦስት። 20 ወደ ቀኝ፣ ሦስት። 20 ወደ ታች፣ ሦስት። 20 ወደ ግራ፣ ሦስት። ሁሉንም የምታነጣጥሩት አንድ ነጥብ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘን ይወጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥይቶችም ከመጀመሪያዎቹ ላይ ማረፍ አለባቸው። ካልተመለሱ፣ ብሎኖቹን አይታችሁ ድገሙት። አሁንም ካልተመለሱ መነጽሩ እንዲመለስ ጠቅልሉት።

ካለፈ ደግሞ በዚያው ጥይት በ10፣ በ25፣ በ50 እና በ75 ሜትር ተኩሳችሁ የት እንደመታ በትንሽ ወረቀት ጻፉ። 10 ሜትር ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሲመታ አትደንግጡ። መነጽሩ ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ጥይቱ ገና ወደ መስመሩ እየወጣ ነው። ወረቀቷን በፕላስተር ሰደፉ ላይ ለጥፏት። የጥይቱን ስምም አብራችሁ ጻፉ፤ እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ለሌላ ጥይት የጻፍኩትን ቁጥር አምኜ ግማሽ ቀን አየር ስመታ ውያለሁ።